ጎማው ከመሬት እንዳይለቅ

ስለ ሞተር ሳይክል ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ዳገት ላይ ይደክማል? ነዳጅ ይበላል ወይስ ይቆጥባል? ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ጥያቄያቸው ሌላ ነበር። አዲስ ደንበኛ ሞተሩን እየገፋ በጋራዡ በር ሲገባ ቀና ብለው ያዩትና፣ “ምን ትጭናለህ? በየት በኩል ነው የምትሄደው?” ይሉታል። ይህን ሳይነግራቸው ቁልፍ አያነሱም። ዕድሜዬ በገፋና ብዙ ሞተር በእጄ ባለፈ ቁጥር የዚያ ጥያቄ ጥልቀት ይበልጥ እየገባኝ መጣ። ሞተር ሳይክል ቀጥ ብሎ የሚሄደው፣ ለመሪው የሚታዘዘው፣ ኩርባ ላይ የማይሸሸው በጎማውና በአካሉ መካከል ባሉት ሞላዎችና በውስጣቸው ባለው ዘይት ነው። እነሱ ደግሞ ልክ የሚሆኑት ጭነቱና መንገዱ ታውቆ ሲሠሩ ብቻ ነው።

ጋራዡ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ዘመኑም የ1980ዎቹ መጨረሻ። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ውዬ ከሰዓት በኋላ ቡሎን በናፍጣ የማጥብ ልጅ ነበርኩ። የጋራዡን ባለቤት ጋሼ እንላቸዋለን፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው መኖሩን አላስታውስም። በግቢው ውስጥ የሚቆሙት ሞተሮች አብዛኞቹ ያማሃ ዲቲ 125 ነበሩ። የሚነዷቸው የግብርና ባለሙያዎች፣ የወባ ሠራተኞች፣ ክትባት ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ ጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደንበጫ፣ ከሉማሜ ይመጣሉ። በበጋ አቧራው የሰውየውንና የሞተሩን ቀለም አንድ አድርጎት፣ በክረምት ደግሞ የጎጃም ዋልካ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ደርቆ ተጋግሮ ነው የሚደርሱት። ያ ጭቃ በእንጨት ሲፋቅ የሚያወጣው የአፈር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

የጋሼ አባት ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ጋሼ በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ኋላ እየሄዱ በቅሎ ሲጫን አይተው አድገዋል። “ጭነቱ ወደ ኋላ ከሄደ በቅሎዋ ፊቷ ይቀላል፤ ዳገት ላይ መንገዱን አትይዝልህም። ወደ አንገቷ ከመጣ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ትደፋለች። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ በቅሎ ስታዝን ታየዋለህ፣ ሞተር ግን እስኪጥልህ ድረስ ዝም ይላል” ይሉኝ ነበር። በኋላ ያነበብኳቸው የመካኒክ መጻሕፍት ሁሉ ይህንኑ በቁጥርና በሥዕል ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ሞላና ዘይት ሁለት የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ማወቅ ነበር። ሞላው ጭነቱን ይሸከማል፤ ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ይጨመቅና የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል። ብቻውን ቢተው መስጠቱን አያቆምም፤ ሞተሩ አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይቆያል። ይህን የሚያስቆመው በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገዶ ሲያልፍ የሞላውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ረጅም ኮረኮንች ላይ የዋለ ሾክ አብዞርበር በእጅ ሲነኩት የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ የፊት ፍሬኑን ይይዙና መሪውን በሙሉ ክብደታቸው ወደ ታች ይጫኑታል፤ ከዚያ ይለቁታል። አንድ ጊዜ ወጥቶ ጸጥ ካለ ዘይቱ አለ። ወጥቶ እንደገና ከወረደ፣ እንደገናም ከወጣ፣ ዘይቱ አልቋል ወይም ቀጥኗል። ከዚያ ወዲያ ምርመራ አያስፈልጋቸውም፤ “ፎርኩን አውርደው” ይሉኛል።

ፎርክ የምንለው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መሪው የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ በውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ። ይህ አሠራር ከዘይት ማርገቢያው ጋር ለሽያጭ በቀረበ ሞተር ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ አር 12 ነው። እኛ ጋራዥ የሚመጣውም ፎርክ በመሠረቱ ከዚያ አልራቀም። የፊቱ ዘይት ሲፈስስ ብዙ ጊዜ እንደ ቀለጠ ጭቃ ጠቁሮና ሸትቶ ይወጣ ነበር። ጋሼ አዲሱን ዘይት በግምት አያፈሱም። የሁለቱ ቱቦ ዘይት እኩል እንዲሆን በስስ ሽቦ ከፍታውን ይለኩታል። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ራሱ ሞላ ነውና፤ ዘይቱ ከፍ ካለ አየሩ ይጠብና ፎርኩ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ብረት ከብረት እስኪጋጭ ይወርዳል። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያመጣውን ልዩነት ያየሁት በእሳቸው ሽቦ ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ በቢቸና በኩል ይመጡ የነበሩ አንዲት ነርስ አይረሱኝም። ሲስተር እንላቸዋለን። ቀሚሳቸውን በሱሪ ላይ ደርበው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ከኋላ ጭነው ይነዱ ነበር። አንድ ቀን መጥተው፣ “ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ትንሽ ፈጠን ስል መሪው በእጄ ውስጥ ይርገበገባል። ሳጥኑን ሳወርድ ግን ደህና ነው። ምን ነካው?” አሏቸው። ጋሼ ፈገግ ብለው፣ “ሲስተር፣ በሽታውን እኮ ራስዎ ነገሩኝ” አሉ።

ያም ሆኖ ከመፍረዳቸው በፊት ሁሉንም አዩ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው የመሪውን ኩሽኔታ ፈተሹ፤ መሃል ላይ የሚያዝ ነገር ካለ መሪው በራሱ ቀጥ ማለት አይችልም። የጎማውን አየር፣ የቸርኬውን መዞር፣ የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ የሚታጠፍበትን ቡሽ መረመሩ። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ የአናጢ ሜትር አመጡና አንዱን ጫፍ እኔን አስያዙኝ። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል ከአክስሉ እስከ መቀመጫው ሥር ያለውን ርቀት ለካን። ሞተሩ ብቻውን ቆሞ ደገምን። በመጨረሻ ሲስተር ከነሳጥናቸው ተቀምጠው ለካን። የኋላው ከሚወርድበት ርቀት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሳይንቀሳቀሱ በፊት ጨርሶታል። ለእንዲህ ያለ መንገድ ልኩ ሲሶ ገደማ ነው፤ ለአስፋልት ደግሞ ከዚያ ጥቂት ያነሰ። ሲሶው የሚቀመጠው ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ወርዶ መሬቱን እንዲከተል ነው። የቀረው ሁለት ሲሶ ድንጋይ ሲመጣ ወደ ላይ መሸሻ ይሆናል።

በዚያ ቀን የተማርኩት ነገር የሙያዬ መሠረት ሆኖ ቀረ። የኋላው ሲሰምጥ የመሪው ቱቦ ይበልጥ ወደ ኋላ ይጋደማል። የመሪው መዞሪያ መስመር ወደ መሬት ቢራዘም የሚያርፍበት ነጥብ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ይቀድማል፤ ጎማው ያንን መስመር እየተከተለ ስለሚጎተት ነው መሪው በራሱ ቀጥ የሚለው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ርቀት 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የኋላው ሲወርድ ርቀቱ ይጨምራልና በወረቀት ላይ ሞተሩ ይበልጥ የሚረጋ ይመስላል። መንገድ ላይ ግን የፊት ጎማው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። ክብደት የሌለበት ጎማ መሬቱን መጨበጥ አይችልም። በዚያ ላይ ሳጥኑ ከኋላ አክስል ኋላ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ዓይነት መናወጥ ይመጣል። አንደኛው የፊት ጎማውና መሪው ብቻቸውን በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ያህል የሚርገበገቡበት ነው፤ ሲስተር የገጠማቸው ይኸው ነበር። ሁለተኛው ሙሉው ሞተር፣ ፊትና ኋላው ተያይዞ፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ያህል ግራና ቀኝ የሚዋልልበት ነው። ይሄኛው በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣና ይበልጥ የሚያስፈራ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ የኋላውን ሞላ ማጥበቂያ ቀለበት አዞሩ። ሞተሩ ከፍ አለ፤ እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። “ማጥበቅ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠነክረውም” አሉኝ። እውነት ነው። ማጥበቂያው ሞላው የሚጀምርበትን ቦታ ይለውጣል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ የሚጨመቅበትን መጠን አይለውጥም። የሞላ ጥንካሬ የሚመጣው ከሽቦው ውፍረት፣ ከጥቅልሉ ስፋትና ከጥቅልሉ ብዛት ነው። ውፍረቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሽቦው በአሥር በመቶ ቢወፍር ሞላው 46 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ያለው ሞላ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ መጣ። የክትባት ሳጥኑ ማሰሪያም ተነቅሎ ወደ ፊት፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ተበየደ። ሲስተር ሞተሩን ሞክረው ሲመለሱ ምንም አላሉም፤ ከሞተሩ ወርደው የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያ መሪ ተርገበገበ ብለው መጥተው አያውቁም። በቢቸና ገጠር የተከተቡ ስንት ሕፃናት በዚያ ሞላ ላይ ተስፋ እንደነበራቸው ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል።

ሌላው መምህሬ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ጠዋት ደጀን ላይ ጋቢ ለብሶ የሚነሳ ሰው ታች የዓባይ ድልድይ ዘንድ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ዘይትም እንደ ሰው ነው የሚለወጠው፤ በብርድ ይወፍራል፣ በሙቀት ይቀጥናል። ላይ ሳለ ደህና የነበረ ፎርክ ታች ሲደርስ የሚልፈሰፈስበት ጊዜ አለ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ፎርኩ ይጨመቃል፤ የሞተሩ አፍንጫ ይደፋል። ሞላው ደክሞ ከሆነ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ወርዶ ይቆማል። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መውረጃ ያጣ ፎርክ እንደ ደረቅ ብረት ይሆናል፤ በኩርባው ላይ አንዲት የተንከባለለች ጠጠር ወይም የአስፋልት ሽንቁር ብታጋጥመው ጎማው ይዘላል። የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም ሆነ መሪ አይሰማም። ብዙ ሰው በዓባይ በረሃ ያዳለጠውን ሞተር “ፍሬኑ በዛበት” ይለዋል። ጋሼ ግን የወደቀውን ሞተር ሲመረምሩ አስቀድመው የሚያወጡት የፎርኩን ሞላ ነበር። አውጥተው ርዝመቱን በፋብሪካው መመሪያ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩታል። ያጠረ ሞላ የደከመ ሞላ ነው። አዲስ እስኪገኝ ድረስ ልኩን የጠበቀ የብረት ቱቦ ቆርጠው ከላዩ ይጨምሩበታል። ያ ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር፤ ለባለቤቱም ጊዜያዊ መሆኑን ሳይነግሩት አያሰናብቱትም።

ከጊዜ በኋላ ለመለዋወጫ ብቻ ሳይሆን ለማሻሻያ የሚሆን ዕቃም መምጣት ጀመረ። አንድ ወጣት ነጋዴ ጀርመን የሚኖር ወንድሙ የላከለትን አዲስ የኋላ ሾክ አብዞርበር በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። በጎኑ ትንሽ የጋዝ ዕቃ ተያይዞበታል፤ ዘይቱ በጫና ሥር እንዲቆይና ሲግል አረፋ እንዳይሆን ናይትሮጅን ይሞላበታል። ታችኛው ጫፉ ላይ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለችው። ከዕቃው ጋር የተላኩት መጽሔቶች ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አገላብጬ አልጠገብኩም። የእኛ ዲቲ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት በዚያ ሰበብ ባገኘሁት ንባብ ነው። ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል ቤልጅጋዊ መሐንዲስ የኋላውን ሁለት ሾክ አብዞርበር በአንድ ረጅም ተክቶ ከመቀመጫው ሥር አስገባው፤ ጎማው ከቀድሞው እጅግ የራቀ መውረድና መውጣት ቻለ። ያማሃ ሐሳቡን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን በዚሁ አሠራር በሞቶክሮስ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዓመታት በኋላ ያው አሠራር በዲቲ ላይ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ራሱም የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ የነበረው ኬንት ኧሊን በስዊድን በስሙ የሚጠራውን የሾክ አብዞርበር ፋብሪካ አቋቋመ። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነገር በጎጃም ዋልካ ላይ ክትባት እንደሚያደርስ ሳውቅ የተሰማኝ ኩራት የራሴ ሥራ የሆነ ያህል ነበር።

የእነዚያ አዳዲስ ዕቃዎች ብልጫ ምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። ዘይት በተራ ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መከላከሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ፣ እንቅስቃሴው ዝግ ባለበት፣ ዘይቱ እምብዛም አያግደውም፤ ሞተሩ ይደፋል። ድንጋይ በድንገት ሲመጣ ደግሞ ዘይቱ መውጫ ያጣና ፎርኩ ደርቆ ይመታል። ማለትም በሚፈለግበት ቦታ ልል፣ በማይፈለግበት ቦታ ደረቅ ነው። በተሻሻለው ዕቃ ውስጥ ቀዳዳዎቹ በተደራረቡ ስስ የብረት ዝርግ ቀለበቶች ይከደናሉ። ዝግ ባለው እንቅስቃሴ ተዘግተው ይይዛሉ፤ ኃይለኛ ግፊት ሲመጣ ተጣጥፈው ዘይቱን ያሳልፋሉ። የቀለበቶቹን ውፍረትና ብዛት በመለወጥ ሙያተኛው የሞተሩን ጠባይ ይለውጣል።

አዲሱ ሾክ አብዞርበር ተገጠመ። ወጣቱ ተደስቶ ወጣ፤ ደስታው ከፊቱ ጠፍቶ ተመለሰ። “ጋሼ፣ ከኋላ በጣም ጥሩ ሆኗል። ግን አስፋልት ላይ መሪው ቶሎ ቶሎ ይዞርብኛል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ከቀድሞው ብሶበት ይደፋል።” ዕቃው እንከን አልነበረውም። ከአሮጌው ይልቅ ከፍ ያለና ጠንካራ ስለሆነ ኋላውን አንስቶታል። ኋላው ሲነሳ የመሪው ቱቦ ይቆማል፣ ያ መሪውን ቀጥ የሚያደርገው ርቀት ያጥራል፣ ተጨማሪ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ሞላ ግን ያው የደከመው ነው። አንዱ ጫፍ በርትቶ ሌላው ሲደክም ሞተሩ በጠቅላላ ይከፋል። በጠንካራው በኩል የተቀበለውን በደካማው በኩል ይከፍለዋል።

ጋሼ ያንን ሞተር ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ሆኜ አየሁ። ሥራቸው አንድ ሕግ ነበረው፦ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የፎርኩን ቱቦዎች በማቀፊያው ውስጥ ዝቅ አድርገው የፊቱን ከፍታ ከኋላው ጋር አስማሙ፤ ወጣቱም ነድቶ ተመለሰ። ቀጥሎ የፊት ሞላዎቹ በአዲስ ተተኩ፤ እንደገና ነዳ። ከዚያ የፎርኩ ዘይት በትንሹ ወፈር ባለ ተቀየረ። በመጨረሻ የኋላውን ማስተካከያ እየነኩ መንገድ ለመንገድ አስኬዱት። የተጨመቀው ሞላ መመለሱ ሲዘገይ በጎማ ብዛት ጎርበጥባጣ በሆነ ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ ሾክ አብዞርበሩ በየጉብታው እያጠረ ይሄድና መጨረሻ ላይ መንቀሳቀስ ያቆማል። ሲፈጥን ደግሞ መቀመጫው ነጂውን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚገኘውም በመሞከር ነው። ጋሼ የእያንዳንዱን ሙከራ ውጤት በደብተር ይጽፉ ነበር። ያ ደብተር በዘይት አሻራ የተሞላ ነበር፤ እኔ ግን ከእሱ የከበረ የትምህርት መጽሐፍ አላገኘሁም።

ከዚያ የባጃጅ ቦክሰር ዘመን መጣ። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ፣ ለብዙ ወጣት የእንጀራ በር የከፈተ ሞተር ነው። ከኋላ ሁለት ሾክ አብዞርበር አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሞላ በሞላ ውስጥ ገብቷል። ቀላል ጭነት ሲሆን ለስለስ እንዲል፣ ሲከብድ እንዲጠነክር የታሰበ ብልህ አሠራር ነው። የሚወርድበት ርቀት ግን 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዲቲው በጣም ያንሳል። በየመንገዱ የሚጫንበት ደግሞ ሌላ ነው፦ ነጂውን ጨምሮ ሦስት ሰው፣ በላዩ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ አንዳንዴም አልጋ።

ወጣቶቹ ሞተሩ እንዳይወርድባቸው ማጠንከርን እንደ ማሻሻል ወሰዱት። በጥቅልሎቹ መካከል የጎማ ቁራጭ ይወትፋሉ፤ ከሌላ ሞተር የተነቀለ ወፍራም ሞላ ይገጥማሉ፤ ዝቅ እንዲል የሚፈልገው ደግሞ ሞላውን ቆርጦ ያሳጥረዋል። የተቆረጠ ሞላ ጥቅልሉ ስለሚያንስ ይጠነክራል፤ የሚወርድበት ርቀት ግን አብሮ ያጥራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘይቱን የሚነካ የለም። ለአሮጌው ሞላ ተብሎ የተሠራ የዘይት ማርገቢያ አዲሱን ጠንካራ ሞላ መያዝ አይችልም፤ ሞላው እንደ ልቡ ይመልሳል። ሰው ብቻውን ሲነዳው ያ ሞተር በየጉብታው ይፈናጠራል። ጎማው በአየር ላይ በሚያሳልፋት በእያንዳንዷ ቅጽበት ሞተሩ ፍሬንም መሪም የለውም። ደረቅ ሞተር ለእጅ የጠነከረና የረጋ መስሎ ይሰማል፤ ስሜቱ አሳች ነው። ርጋታ ማለት ጎማው መሬቱን ሳይለቅ፣ ወጣ ገባውን እየተከተለ መሄዱ ነው።

ጋሼ በዚያ ዘመን አርጅተው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው እኛ ስንሠራ ያያሉ። አንድ ወጣት ጎማ የተወተፈበትን ቦክሰር ይዞ ሲመጣ ተነስተው ወደ ሞተሩ ይጠጉና በዝግታ፣ “ልጄ፣ ይህንን ያደረግኸው ለራስህ አዝነህ ነው፤ አሁን ደግሞ ከኋላህ ለሚቀመጠው ሰው እዘን” ይሉታል። ከዚያ ጎማውን አውጥተን፣ ለሚጭነው ክብደት የሚሆን ሞላ ከነዘይት ማርገቢያው ጥንድ አድርገን እንገጥምለታለን። ሁለቱ ጎን እኩል እንዲጠብቅ፣ ግራና ቀኙ አንድ ደረጃ ላይ እንዲሆን ደጋግመን እናያለን። አንዱ ከሌላው ከጠበቀ የኋላው ክንድ ይጣመማልና። ገንዘቡ የማይበቃው ሲሆን ቢያንስ የፊቱን ዘይት ለውጠን፣ የጎማውን አየር አስተካክለን፣ ጭነቱን ወደ ፊት እንዲያስጠጋ አስተምረን እንሸኘዋለን።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ጋራዡ ፈረሰ፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። እኔም የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ሰነበትኩ። ተለማማጆች ሲመጡ የማስተምራቸውን ቅደም ተከተል ከእሳቸው ነው የወረስኩት። ጎማው፣ ኩሽኔታውና ቡሹ ደህና ካልሆኑ በሾክ አብዞርበር ላይ ብር አይወጣም። ቀጥሎ የዘይቱ ልክና ንጽሕና ይታያል። ከዚያ ሜትር ይወጣና ሞተሩ በዕለት ጭነቱ ስንት እንደሚሰምጥ ይለካል፤ ሞላው የሚመረጠው በዚያ ልክ ነው። ውድ ዕቃ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ሲመጣም ፊቱና ኋላው ተያይተው መመጠን አለባቸው።

ዛሬ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር በሞተር የምትሄድበት ጊዜ አለ። ተማሪ በሞተር ይሄዳል፤ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ወተት በሞተር ይሄዳል። አንድ ወጣት ሞተር ሲገዛ ስለ ጉልበቱ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ይጠይቅ፣ ዳገታችን ብዙ ነው። ከዚያ ግን ለሚጭነው ሰው ክብደትና ለሚሄድበት መንገድ ሞላውንና ዘይቱን ያስለካ። በክረምት ዋልካና በዓባይ ኩርባ ላይ ሰውን ወደ ቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም ሞተር ፈትቶ መግጠምን ከሚያስተምሩበት ሰዓት ላይ ለዚህ በቂውን ይስጡ፤ ተማሪዎቻቸውም ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት “ምን ትጭናለህ? በየት በኩል ትሄዳለህ?” ብለው መጠየቅን ይልመዱ።